የአባቴ የሳንባ ምች ከብርድ አልመጣም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ዓመት አባቴን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ሆስፒታል ተኝቶ ትንሽ ሻል ሲለው ወደ ቤታችን፣ ወደ ማራኪ ይዘነው መጣን። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘው፤ ትንፋሽ አጠረው። ተመልሰን ስንሄድ «የሳንባ ምች ነው» አሉን።

እኛ ምች ሲባል የምናውቀው ፀሐይና ብርድ ነው። አክስቴ «መስኮቱን ማን ከፈተው?» እያለች ስትቆጣ ዋለች። ሐኪሟ ግን የጠየቀችን ሌላ ነው፤ «እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታበሉት?»

አባቴ የሚበላው በጀርባው ተኝቶ ነበር። አክስቴ አንገቱን በክንዷ ደገፍ አድርጋ አጥሚት በማንኪያ ትሰጠዋለች። «በሞቴ ወንድምዓለም፣ ይቺን ብቻ!» ትን ይለዋል፤ ያስላል፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ደረቱን አሸት አሸት አድርገን እንቀጥላለን። ከበላ በኋላ ሲናገር ጉሮሮው ውስጥ ውሃ የቀረ ይመስል ነበር። ሐኪሟ አፉን ስታስከፍተው የጠዋቱ ገንፎ ቀኝ ጉንጩ ውስጥ ተወትፎ አየነው። ከሰዓት በኋላ ነበር።

ለካ ስትሮክ መዋጥንም ያዳክማል። ወደ ሆድ የሚሄደው ምግብ ወደ ሳንባ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኙ፣ የቀኙ አየር ቧንቧ ሰፋና ቀጥ ያለ ስለሆነ። አፍ ካልጸዳ ደግሞ ጀርሙ አብሮ ይወርዳል። ጥርሱን መቦረሽ እኛ ትዝም አላለን። ውሃም ከገንፎ የሚቀል ይመስለን ነበር። ለእሱ ከባዱ ውሃ ነው፤ ቶሎ ስለሚወርድ ጉሮሮው አይቀድመውም። የሚያስፈራው ደግሞ አንዳንዱን ሰው ሳያስለው፣ ማንም ሳያውቅ ምግቡ ወደ ሳንባው መግባቱ ነው።

ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ያለበት ሰው፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አዛውንት፣ የእንቅልፍ ኪኒን ያደነዘዘው፣ አረቄ ራሱን ያሳተው፣ የሚጥል በሽታ ተነስቶበት ገና ያልነቃ፣ ሁሉም እዚሁ አደጋ ውስጥ ናቸው። ላልነቃ ሰው አፉ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ በጎኑ አስተኙት። ቀዶ ጥገና ሊገባ ሲል ቢያንስ ለ6 ሰዓት ምግብ እንዳይቀምስ የሚታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ደብቆ የሚያጎርስ ዘመድ አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉ። ጠበሉንም ቢሆን እኛ አሁን የምንሰጠው ነቅቶ፣ ቀና ብሎ ሲቀመጥ በትንሽ በትንሹ ነው።

አሁን አባቴን በትራስ ደግፈን እናስቀምጠዋለን። የጎረሰውን መዋጡን ሳናይ ሌላ አንጨምርም። ከበላ በኋላ ለ30 ደቂቃ ያህል አናስተኛውም። ጠዋትና ማታ አፉን እናጸዳለን። ከአዘዞ ድረስ አጥሚት ይዞ የሚመጣ ጠያቂ «ልስጠው» ሲል፣ ቅር ቢለውም መጀመሪያ ይህን እንነግረዋለን።

መጀመሪያ ከሆስፒታል ስንወጣ የኪኒኑ ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶናል። እንዴት እንደምናበላው የነገረን ግን የለም። ባለሙያዎቹ ለስንት በሽተኛ እንደሚሯሯጡ አይቻለሁ፤ ቢሆንም ማንኪያውን የምንይዘው እኛ አስታማሚዎቹ ነን። ከመውጣታችን በፊት ለ5 ደቂቃ ቢያሳዩን ኖሮ አባቴ ያንን ሁሉ ባልተሰቃየ ነበር።

እናንተም በጤና ዓምዳችሁ የሕመምተኛ አመጋገብን በሥዕል ብታወጡልን፣ ማንበብ የማይችል አስታማሚም አይቶ ይረዳዋል።

አንባቢያችሁ
ከጎንደር