በሐምሌ ምን አበበ፦ ከሲያትል ወደ ደሴ

ሲያትል፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፣

እንደምን ከርማችኋል? እማዬስ ብርዱን እንዴት ይዛዋለች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። የጽጌረዳው እምቡጥ ሳይፈነዳ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፤ ዱባውም እንቁላል ሳያክል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። እዚያ በሐምሌ ምን አብቧል ላልሽኝ፣ ያው እናንተ ጋ ያለው ነው፤ ጽጌረዳ፣ ዳሊያ፣ ዱባ፣ ጤና አዳም። የተገለበጠው ውሃው ብቻ ነው።

የዚህ አገር ሰዎች ሰመር (በጋ) የሚሉት የእናንተ ክረምት ላይ ነው የሚውለው። ፀሐይ ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጥታ ማታ ሦስት ሰዓት ትጠልቃለች፤ ሐምሌ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ ዝናብ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። እዚህ ሰው የውሃ ጎማ ሲጎትት ይውላል፤ እናንተ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ከመደቡ ታስቀይሳላችሁ። ስለዚህ የዚህን አገር ምክር እንዳለ ብልክልሽ ያበላሽብሻል። አገላብጬ ነው የምጽፍልሽ።

ከዱባው ልጀምር። መጀመሪያ የሚያብቡት ሁሉ ወንዴዎች ናቸው፤ እነሱ ቢረግፉ አትዘኚ፣ ሥራቸው ያ ነው። ሴቴዋ አንድ ሁለት ሳምንት ዘግይታ ትመጣለች። ወንዴው ቀጭን ረጅም አገዳ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ትንሽዬ ዱባ ይዛ ነው የምትወጣው። አንቺ ፎቶ ያነሳሻት ሴቴዋን ነው፤ የረገፈችውም የወንዴው ዱቄት ስላልደረሳት ነው። አበባው ማለዳ ይከፈትና ረፋዱ ላይ ይዘጋል፣ ደግሞም አይከፈትም። በዚያች ሰዓት ደሴ ጉም ከሆነ ወይም ካካፋ ንብ ከቀፎ አይወጣም፤ ዱቄቱም ከረጠበ ይጓጉላል።

ስለዚህ ንቡን አንቺ ሁኚ። ማታ ላይ ሐረጉን እያየሽ ነገ የሚከፈቱትን እምቡጦች ለዪ፤ ጫፋቸው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ዞሮ ላላ ያሉት ናቸው። ሁለት ወንዴና አንድ ሴቴ መርጠሽ ጫፋቸውን በክር እሰሪ፣ ዝናብ እንዳይገባባቸው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ወንዴውን ከነአገዳው ቀንጥሰሽ የአበባውን ቅጠሎች ላጪ። መሃሉ ላይ ቢጫ ዱቄት የለበሰ እንጨት ይቀርልሻል። የሴቴዋን ክር ፈትተሽ መሃሏ ላይ ያለውን፣ ሦስት አራት ቦታ የተከፈለውን እብጠት ዙሪያውን በቀስታ ቀቢ። ሁለተኛውንም ድገሚበት። ከዚያ መልሰሽ እሰሪያት። ከያዘች በአራት አምስት ቀን ውስጥ ፍሬዋ ማበጥ፣ አንገቷም ወደ መሬት ማጎንበስ ይጀምራል። ካልያዘች ከአፏ በኩል ቢጫ ትሆናለች። የያዘችውን ከሥሯ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጊላት፤ እርጥብ አፈር ላይ የተኛ ዱባ በሆዱ በኩል ይበሰብሳል። ሐረጉ ቅጠል ብቻ እያበዛ ከሄደ ደግሞ ፍጉ በዝቶበታል፣ ለጊዜው ተይው።

የጽጌረዳው ነገር ቀላል ነው። የውጪዎቹ የአበባ ቅጠሎች ውሃ ጠጥተው እርስ በርስ ተጣበቁና እንደ እርጥብ ወረቀት እምቡጡን አፈኑት። ውስጡ ገና ጠንካራ ከሆነ እነዚያን ሁለት ሦስት ቅጠሎች በጣትሽ ላጪያቸው፣ ይፈነዳል። ከለሰለሰ ግን ቁረጪው፣ ሻጋታው ወደ ግንዱ ይወርዳል። ጥቁር ነጠብጣብ የወጣበትን ቅጠል መሬት የወደቀውን ጨምሮ ለቅመሽ አቃጥዪ እንጂ ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሪ። እዚህ በደረቁ አየር እንዲህ ያለው ጣጣ ያንሳል፤ የሰኔው አበባ ሲረግፍ አምስት ቅንጣት ካለው ቅጠል በላይ ግማሽ ሳንቲሜትር ትተው ይቆርጡታል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ያብባል።

እናንተ ግን እዚህ የሌለ ዕድል አላችሁ፦ የጽጌረዳ ችግኝ ለማፍላት ሐምሌ ግሩም ነው። አብቦ የጨረሰ፣ እርሳስ የሚያክል ቀንበጥ 20 ሳንቲሜትር አድርገሽ ከአንጓው ሥር ቁረጪ። ከላይ ሁለት ቅጠል ትተሽ የቀረውን አርግፊ። ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛውን ቅበሪው፤ ቆርቆሮውን ከሥር መብሳት እንዳትረሺ። ታችዋ የተቆረጠ ሃይላንድ ክዳኗን ከፍተሽ ድፊበት። ሥር አወጣ አላወጣም እያሉ መንቀል ነው የሚገድለው፤ መስከረም ድረስ አትንኪው።

ዳሊያ እዚህ የከተማዋ አበባ ነው፤ በፈረንጆቹ 1913 በይፋ መርጠውታል። ሰው በየጓሮው ውሃ እያጠጣ ይንከባከበዋል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የሚመቸው ደሴ ነው። ትውልዱ የሜክሲኮ ደጋ ሲሆን፣ እዚያም እንደኛው ዝናቡ በእነዚህ ወራት ነው የሚጥለው። የሚጎዳው ውሃው ሳይሆን የተኛ ውሃ ነው፤ ድንች የመሰለው ሥሩ ይበሰብሳል። መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጊ፣ በላይ በኩል ቦይ ቅደጂ። ትልልቁ አበባ ዝናብ ሲሞላው አገዳውን ይሰብረዋልና ደግፊው፤ እንጨቱን ግን ከግንዱ ስንዝር አርቀሽ ትከዪ፣ ካልሆነ ሥሩን ይወጋል። በስምንት ቁጥር ላላ አድርገሽ በጨርቅ እሰሪው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ዳሊያ የረገፈ አበባው ካልተቆረጠ ማበቡን ይቀንሳል፤ ሲቆርጡ ደግሞ እምቡጡን ይቆርጡታል፣ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸውና። በጣትሽ ያዢው፦ እምቡጥ ክብና ጠንካራ ነው፣ ያለፈው ግን ጫፉ ሾጣጣ ሆኖ ሲጨምቁት ውሃ ያወጣል። ለሳሎን ስትቀጥፊም የተከፈተውን ውሰጂ፤ እምቡጡ ከተቆረጠ በኋላ አይከፈትም።

ቅጠሉን እየበሳ የሚያድረው ያ ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ነው። እዚህ በቢራ ያጠምዱታል፤ ለእኛ ቤት እርሾ ያለው የዳቦ ሊጥ በውሃ አቅጥነሽ በጣሳ መቅበር ይበቃል፣ የሚጠራው ሽታው ነው። የጣሳው አፍ ከአፈሩ በጣት ከፍ ይበል፣ ጠቃሚዎቹ ጥንዚዛዎች እንዳይገቡ። አመድ በዝናብ ዋጋ የለውም፣ አንዴ ከረጠበ አለቀ።

ጤና አዳሙ ቢጫ አበባ አውጥቷል። ለቡናው ስትቀጥፊ ፀሐይ ፍንትው ባለ ቀን አይሁን፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ያቋጥራል። በሶብላ ሲያብብ እዚህ አበባውን ቀንጥሰው ይጥሉታል፣ ቅጠሉን ብቻ ነው የሚፈልጉት። ጉድ ነው! አንቺ አበባው እስኪሞላ ጠብቀሽ ከነአገዳው ቆርጠሽ ጥላ ውስጥ ስቀዪ።

ቲማቲሙን ለኮምቦልቻዋ አክስታችን ተይላት። ኮምቦልቻ ከሐረጎ ተራራ ማዶ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ሌሊቱ ይሞቃል፤ ደሴ ላይ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሲወርድ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል።

የዳሊያ ሥር ላኪልኝ ያልሽውን አልቻልኩም፤ ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አያስገቡትም። ከጎረቤት ለምኚ፣ ግን ሥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ከአሮጌው አገዳ አንገት ላይ ዓይን ያለው ቁራጭ አብሮት ካልመጣ አይበቅልም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ዱባዋ አንገቷን ስታጎነብስ ፎቶ ላኪልኝ።

ታናሽሽ