ከኮምፒውተሩ ጎን ያለው ደብተር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ አንባቢያችሁ ቢል ለመክፈል ሦስት ቀን ተመላልሰው «ሲስተም የለም» እየተባሉ መመለሳቸውን ጽፈው ነበር። ብስጭታቸው ገብቶኛል። መዝጊያቸው ላይ ግን አልተስማማንም። «እነዚህ የኮምፒውተር ልጆች ሥራቸውን አይችሉም» ነው ያሉት።

እኔ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበርኩ። በኋላም አለቃቸው ሆንኩ። በአንድ የሕዝብ አገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤት ለዓመታት የሲስተም ፕሮጀክት ቡድን መርቻለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ስሙን ከጠራሁ ወሬው የአንድ ተቋም ሐሜት ሆኖ ይቀራል። ልጆቹ ሥራቸውን ይችላሉ። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜም እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ።

መጀመሪያ «ሲስተም የለም» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንዳንዴ የኔትወርክ መስመር ተቋርጦ ነው። አንዳንዴ መብራት ሄዶ ነው። መብራት የሚሸጠውም መሥሪያ ቤት ቢሆን መብራት ይሄድበታል፤ አትሳቁ። ብዙ ጊዜ ግን ሲስተሙ አለ። ኮምፒውተሩ በርቷል፣ መስመሩም ደህና ነው። የእርስዎን ሒሳብ ግን አላገኘውም። ወይም አግኝቶት አልቀበልም ብሏል። ገንዘብ ተቀባይዋ ይህን ሁሉ ለተሰለፈ ሰው ስታስረዳ አትውልም። «ሲስተም የለም» ትላለች፣ በቃ።

ይህን ያወቅኩት ቢሮዬ ተቀምጬ አይደለም። አዲሱን የቢል ሲስተም ሥራ ላይ ባዋልን በሁለተኛው ወር ወደ አንድ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ለጉብኝት ነበር፤ ፎቶ ተነስቼ ልመለስ። ሾፌሩ ሌላ ጉዳይ ኖሮት ዘገየብኝና ከመስኮቱ ጀርባ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ጡረታ የተቃረቡ እናት ነበሩ። ከኮምፒውተሩ ጎን ባለመስመር ደብተር አለ። ሽፋኑ በላስቲክ ተለብዷል፣ እስክሪብቶው በክር ታስሯል። ሦስት አራት ሰው ካስተናገዱ በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡ። እናትየዋ የሽማግሌውን ቁጥር ጻፉ፣ አልሆነም። ደግመው ጻፉ፣ አልሆነም። ኪቦርዱን ገፋ አድርገው ደብተሩን ገለጡ።

«ይሄ ምንድነው እናቴ?» አልኳቸው።

«ይሄማ ሲስተሙ እምቢ ያላቸው ናቸው ልጄ።»

«ለዋናው መሥሪያ ቤት አሳውቀዋል?»

«ደውዬ ነበር። ሪፖርት ላይ የለም አሉኝ።»

እውነታቸውን ነው። በዚያው ሳምንት ለበላይ አመራር በላክሁት ሪፖርት ላይ «ፕሮጀክቱ ሙሉ በሙሉ ተጠናቆ አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ደብተሩን ተውሼ አነበብኩት። ከዚያ በፊት ካነበብኳቸው የፕሮጀክት ሰነዶች ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንዷ ደንበኛ ስማቸው ፀሐይ ነው። አሮጌው መዝገብ ላይ በፀሐዩ «ፀ» ተጽፏል፣ አዲሱ ላይ በጸሎቱ «ጸ»። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን ጨምሩበት። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል የተመዘገበ እንደሆነማ አይነሳ፤ አንዱን ሰው አምስት ጸሐፊ አምስት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል።

ሌላው ቀን ነው። ሶፍትዌሩ ከውጭ የተገዛ ነው፤ የሚያውቀው 12 ወር ነው። እኛ ጳጉሜን ይዘን 13 አለን። ቆጣሪ አንባቢው ጳጉሜን 3 ያነበበውን የት ያስገባው? 13ኛ ወር ብሎ ሲጽፍ ሲስተሙ አይቀበልም። አንዱ ቅርንጫፍ ነሐሴ ላይ ደረበው፣ ሌላው መስከረም ላይ። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ታሪፉ ደረጃ ደረጃ ነው፤ በወር ብዙ የተጠቀመ ለተጨማሪው በውድ ይከፍላል። የ35 ቀን ፍጆታ በአንድ ወር ሲጫን ሰውየው ሳያጠፋ ከፍ ወዳለው ዋጋ ይገባል። ጥቅምት 30 ደግሞ በቁጥር 30/2 ነው። ለፈረንጁ ሶፍትዌር ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን አያውቅምና ይጥለዋል።

የሚጥለው ይሻላል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። አንዲት ጸሐፊ ደንበኛው መጨረሻ የከፈሉበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር 2011 ብላ አስገባች። ሲስተሙ በፈረንጁ 2011 ነው ብሎ አመነ። ባለፈው ወር የከፈሉ ሰው የስምንት ዓመት ውዝፍ አለባቸው ተብለው የማቋረጫ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው።

ሦስተኛው የሞቱ ሰዎች ጉዳይ ነው። ቆጣሪው በአያት ስም ነው። አያት ካረፉ ቆይተዋል። ቤቱ ውስጥ ያሉት የልጅ ልጆች ናቸው፤ ቢሉን የሚከፍለው ደግሞ ግቢው ውስጥ የተከራየው ሰው። አሁን በፋይዳ ቁጥር ሁሉም ይስተካከላል ሲባል እሰማለሁ። ይረዳል፣ አልክድም። ግን የሞቱትን አያት ፋይዳ ማን ያመጣል?

እንግዲህ እነዚህን ነገሮች አንድም ፕሮግራመር አላበላሻቸውም። ማንም አልነገራቸውም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እኔም አላውቅም ነበር፤ አለማወቄንም አላውቅም ነበር።

የእኛ አገር ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ። የሎስ አንጀለስ ከተማ የውሃና ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 አዲስ የቢል ሲስተም አስጀመረ። በፌርፋክስ ጎዳና «ሊትል ኢትዮጵያ» ያሉት ወገኖቻችንም ደንበኞቹ ናቸው። ወጪው 180 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ውጤቱ የተጋነነ ቢል፣ ጭራሽ የማይመጣ ቢል እና ስልክ ላይ ረጅም ጥበቃ ሆነ። በ2015 የካሊፎርኒያ ግዛት ኦዲተር ያወጣው ሪፖርት ኃላፊዎቹ ሲስተሙ ብዙ ችግር እንዳለበት እያወቁ ማስጀመራቸውን ገለጸ። ነገሩ በዚያም አላበቃም፤ ክስ መጣ፣ ከክሱ ጀርባ ሌላ ጉድ ወጣ። በኋላ የመጣው ዋና ሥራ አስኪያጅ ያለ ጨረታ ከተሰጠ የ30 ሚሊዮን ዶላር ውል ጋር በተያያዘ ጉቦ ጥፋተኛ ሆኖ በ2022 ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

የሙስናውን ነገር ለፍርድ ቤት እንተወው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከማስጀመሪያው በፊት የተደረገው ስብሰባ ነው። ችግሩን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ «ገና ነው» የሚል ለምን ጠፋ?

መልሱን ከራሴ አውቀዋለሁ። የእኛን የምርቃት ቀን የቆረጠው ፕሮግራመሩ አልነበረም፤ ሪባኑ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተጠቀምንበት ገንዘብ ተመላሽ ነው። እቅዱ ላይ «ይጠናቀቃል» ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ሐምሌ ሳይገባ መመረቅ ነበረበት። ይታያችሁ፤ ሒሳብ በሚዘጋበት፣ ሠራተኛው ሁሉ በተወጠረበት ሰሞን፣ በክረምት መግቢያ፣ መብራት እንደፈለገ በሚሄድበት ወቅት። የቡድኔ ልጆች ያልተፈቱ ችግሮችን ዝርዝር ሰጥተውኝ ነበር። ሁለት ገጽ ተኩል። በቃለ ጉባኤው «ከምርቃቱ በኋላ የሚስተካከሉ» ብዬ አስገባሁትና ፈረምኩ። እጄን አውጥቼ ላስቆመው እችል ነበር? ምናልባት። ግን የእኔ የሥራ አፈጻጸም ውጤትም እዚያው ምርቃት ላይ ነበር የተንጠለጠለው። በቢፒአርም፣ በቢኤስሲም፣ በካይዘንም፣ በየጊዜው በመጡት የአሠራር ማሻሻያና የምዘና ዘዴዎች ሁሉ አልፌያለሁ፤ በአንዳቸውም ላይ ሥራን አዘግይቶ ነጥብ ያገኘ ሰው አላየሁም።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ። የእንዲህ ዓይነት ቡድን መሪ የሚመዘነው በምርቃቱ ቀን መሆን የለበትም። ከምርቃቱ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ይመዘን። «ገና ነው» ብሎ በጽሑፍ የማስቆም ሥልጣንም ይሰጠው፤ ከዚያ በኋላ እሱን ሽሮ የሚያስጀምር የበላይ ኃላፊ ካለ በራሱ ፊርማ ያስጀምር። ይህ አንድ ነገር ቢሆን ኖሮ እኔም ያን ቃለ ጉባኤ ባልፈረምኩ። ወይም ደፍሬ እፈርም ነበር፤ ቢያንስ ምን እያደረግሁ እንደሆነ አውቄ።

ከዚያ ወዲህ የተማርኳቸው ትንንሽ ነገሮች አሉ። «የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ትቻለሁ። «የት ደረሰ?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «95 በመቶ» ነው። በጥርም 95፣ በግንቦትም 95። አሁን «አሳየኝ» ነው የምለው። የእናቴን ቢል አውጣልኝ። የጳጉሜን ንባብ አስገባልኝ። ስሙን በሌላው «ሠ» ጽፈህ ፈልግልኝ። ልጆቹ መጀመሪያ እንደ ቁጥጥር ቆጥረውት ተቀየሙኝ። በኋላ ራሳቸው እየጠሩኝ ያሳዩኝ ጀመር።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራመሮቹን መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። በየተራ፣ ሦስት ሦስት ቀን። አበል ስለሌለው አንዱ አጉረመረመ። የመጀመሪያው ልጅ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ተመልሶ መጣና ላፕቶፑን ከፈተ። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ፍለጋው እንደ አንድ እንዲያያቸው አድርጎ ማታውኑ ጨረሰው። ለወራት ሰው ያመላለሰ ችግር ነው። ቀድሞ ለምን አላደረግከውም ስለው «ማንም አልነገረኝማ» አለኝ።

ይህንኑ ልጅ በዓመቱ ባንክ ወሰደብን። በደመወዝ ከባንክ ጋር አንፎካከርም፤ አልፈርድበትም። ችግሩ የሰርቨሩን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቀው እሱ ብቻ መሆኑ ነው። የሆነ ነገር በተበላሸ ቁጥር እየደወልኩ፣ በምሳ ሰዓት ማኪያቶ እየጋበዝኩ አሠራሁት። የመንግሥት ንብረት በማኪያቶ ይጠገናል እንዴ? ተጠግኗል። አሁን ማንኛውም ሥራ ለሁለት ሰው ነው የሚሰጠው፤ የሠሩትንም ሦስተኛው ሰው አንብቦ ካልገባው አልቀበልም።

ስለ ተቋራጭ ብዙ አልልም። የመጨረሻ ክፍያውን እስኪወስድ ድረስ ከእሱ የበለጠ ትሁት ሰው የለም። ከወሰደ በኋላ ስልኩ አይነሳም። የመጨረሻው ክፍያ በርክክብ ፊርማ ሳይሆን ሁለት ሦስት የቢል ዙር ያለ ስህተት ሲወጣ እንዲለቀቅ ውሉ ላይ ይጻፍ። በእነዚያ ዙሮች አሮጌውና አዲሱ ሲስተም ጎን ለጎን ይሥሩ፤ የአንዱ ቢል ከሌላው ጋር ይመሳከር። የፋይናንስ ሰዎች «ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ትርፍ ሰዓት ልንከፍል ነው?» ብለው መጮኻቸው አይቀርም። ይጩኹ።

አሁን ሁሉም በስልክ ነው፣ መስኮት ቀርቷል የሚሉኝ አሉ። በግንቦት 2013 ቴሌብር ሲጀመር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ቢሌን የምከፍለው በስልኬ ነው። ሰልፉ ቀንሷል። የተሳሳተው ቢል ግን አልቀነሰም፤ በፍጥነት ነው የሚደርሰው። ስልኩ ያልተከፈለ ቢል የለም እያለዎት ሊያቋርጥ የመጣው ሠራተኛ በር ያንኳኳል። መስኮቱ በነበረበት ጊዜ ቢያንስ ደብተር የያዘች ሰው ነበረች።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። አዲስ ሲስተም ሲመረቅ ጋዜጠኛ ትልካላችሁ፤ ሪባን ሲቆረጥ፣ ኬክ ሲቆረስ ፎቶ ይነሳል። በሦስተኛው ወር ያንኑ ጋዜጠኛ መልሳችሁ ላኩት። ዋናው መሥሪያ ቤት አይሂድ። ራቅ ያለ ቅርንጫፍ ይምረጥ፣ ሰልፍ ይያዝ፣ ተራው ሲደርስ ገንዘብ ተቀባይዋን «ደብተሩን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ይበላቸው። የትኛው ደብተር እንደሆነ ያውቁታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሲስተም ፕሮጀክት ቡድን መሪ
ከአዲስ አበባ