ማንቼን ስላወረስከኝ አትዘን

ጎንደር፣ ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ እንደ ልማዷ ፍልሰታን እየጾመች ታስቀድሳለች። ክረምቱ ጠንክሯል። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምርና እስኪመሽ አያባራም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ወንድሜ በስልክ በነገረኝ ነገር የተነሳ ነው። «ይቺን ልጅ የማንቼስተር ዩናይትድ፣ የማንቼ፣ ደጋፊ አድርጌ በሰው አፍ ጣልኳት» ብለህ አዝነሃል አለኝ። በስልክ ልመልስልህ አስቤ ነበር። ግን መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሳትሰማው ይቀራል። ዓይንህ እስኪሻልህ ወንድሜ ያነብልሃል። የአርሰናል ደጋፊ ቢሆንም ምንም ሳይዘል እንደሚያነብልህ አምነዋለሁ።

አባዬ፣ አትዘን። ፉገራው አለ፤ አልደብቅህም። ያለፈው የውድድር ዓመት ከባድ ነበር። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 42 ነጥብ፣ 18 ሽንፈት፣ 15ኛ ደረጃ። በፈረንጆቹ 1974 ወደ ታችኛው ሊግ ከወረዱ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብለው አያውቁም። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ፒያሳ ላይ ያለው ባለ ሱቅ ከሩቅ ያየኝና «ስንተኛ ናችሁ?» ይለኛል። ደረጃውን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ከእኔ አፍ መስማት ነው የሚፈልገው። «አሥራ አምስተኛ» እለዋለሁ፣ ቀና ብዬ። መሥሪያ ቤት ደግሞ አንዱ ልጅ የደረጃ ሰንጠረዡን አትሞ ከጠረጴዛዬ ፊት ለጠፈልኝ። አላነሳሁትም። ውድድሩ እስኪያልቅ እዚያው ነበር።

ግን አንተን ለዓይን ሕክምና ስንሸኝህ ሻንጣህን ይዞ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የመጣው ማን ነበር? ያው ባለ ሱቅ ነው። እማዬ ታማ መድኃኒቷ ሲጠፋ ከፋርማሲ ፋርማሲ አብሮኝ የዞረውም ሰንጠረዡን የለጠፈው ልጅ ነው። ሙድ የሚይዙብኝ ስለሚያውቁኝና ስለሚቀርቡኝ ነው። ማንቼ በተሸነፈ ማግሥት ማንም ምንም ሳይለኝ ቢያልፍ ነው የሚከፋኝ።

የጸሎተ ሐሙስን ነገር በደንብ አልነገርኩህም። ሚያዝያ 9 ነበር። ማንቼ በዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ከሊዮን ጋር የመልሱን ጨዋታ ያደርግ ነበር። በዋዜማው አርሰናል ሪያል ማድሪድን እዚያው ማድሪድ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ ሰፈሩ ሁሉ የእነሱ ሆኗል። እኔ በሰሙነ ሕማማት ኳስ ቤት አልሄድም። ጉልባናችንን ቀምሰን እማዬ ተኛች። እኔ ስልኬን ይዤ ውጤቱን መከታተል ጀመርኩ።

2 ለ 0 መራን። ከዚያ 2 እኩል ሆነ። ሊዮኖች አንድ ሰው በቀይ ወጥቶባቸው ተጨማሪ ሰዓት ገቡ፤ 10 ሆነውም ሁለት ጎል ጨመሩ። 4 ለ 2። አለቀልን አልኩ። ብሩኖ በፍጹም ቅጣት ምት አንዱን መለሰ። በ120ኛው ደቂቃ ማይኑ እኩል አደረገ። ወዲያው ማጓየር በግንባሩ አገባ። 5 ለ 4! መጮህ አልችልም፤ ሌሊት ነው፣ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ አፍኜ ብቻዬን ሳቅሁ። አንተ አጠገቤ ብትሆን ብዬ ተመኘሁ።

ያገባው ማጓየር መሆኑ ደግሞ ልቤን ነካው። ያ ሰው ስንት ዓመት ተቀለደበት። በፈረንጆቹ 2023 አምበልነቱን ወሰዱበት። ሊገዛው የሚፈልግ ክለብም ነበር። እሱ ግን ቆየ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ከአርሰናል ደጋፊ ፉገራ ይልቅ የእኛው ቲፎዞ በራሱ ተጫዋች ላይ የሚያወርደው ስድብ ነው የሚያመኝ። በፈረንጆቹ 2021 በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ራሽፎርድ፣ ሳንቾና የአርሰናሉ ሳካ ለእንግሊዝ ሲጫወቱ ፍጹም ቅጣት ምት ስተው በቆዳ ቀለማቸው የተሰደቡ ጊዜ፣ «ይህ ኳስ አይደለም» ብለህ ሬዲዮኑን ዘጋኸው። ያን ቀን የተናገርከውን ዛሬም ይዤዋለሁ። በተጫዋች አልሳደብም።

ወደ ቢልባኦ ልምጣ። የዩሮፓ ሊጉ ፍጻሜ ከቶተንሃም ጋር እዚያ ግንቦት 13 ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። ማታ ርቆ መሄድ እንደ ድሮው ስላልሆነ ጎረቤት ቤት ተሰበሰብን። ከእኔ በቀር አብዛኛው አርሰናል ነው። የሆነውን ብታይ! ቶተንሃም ለአርሰናል ደጋፊ የሰፈር ጠላት ነው፤ ሁለቱም ሰሜን ለንደን ናቸው። ማንቼም ጠላታቸው ነው። ታዲያ ማንን ይደግፉ? ሲከራከሩ ሻዩ በረደ። አንዱ «ቶተንሃም ከሚያነሳው ማንቼ ያንሳው» አለ። ሌላው «ነገ እሷ ከምትስቅብኝ የፈለገው ይሁን» አለ። የአርሰናል ማሊያ ከላዩ የማይወርደው የቤቱ ባለቤት አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና «ለዛሬ ብቻ» አለኝ።

በ42ኛው ደቂቃ ብሬናን ጆንሰን አገባብን። ኳሷ ከሉክ ሾው ጋር ተነካክታ ነው የገባችው። ከዚያ ወዲያ ቶተንሃሞች ወደ ኋላ ተሰብስበው ተከላከሉ። ሆይሉንድ በግንባሩ የመታትን ቫን ደ ቬን ዘሎ ከመስመሩ ላይ በእግሩ አወጣት። በመጨረሻ ሾው በግንባሩ የሞከራትን በረኛው አዳናት። አለቀ። በአንድ የውድድር ዓመት 4 ጊዜ ተጋጥመን 4ቱንም ተሸነፍን። ያን ምሽት ማንም አልፎገረኝም። እስከ በራችን ሸኙኝ። በማግሥቱ ባለ ሱቁ «ስንተኛ ናችሁ?» ብሎ ሲጠራኝ ቀለል አለኝ።

አርሰናሎችን አከብራቸዋለሁ፣ አባዬ። በፈረንጆቹ 2004 ሳይሸነፉ ሊጉን ካነሱ ወዲህ ደግመው አላገኙትም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ሆነው ጨርሰዋል። ማሊያቸውን ግን አላወለቁም። ከእኛ መሃል ወደ ማንቼስተር ሲቲ የሄዱ ልጆች አሉ። ኳስ ለመዝናናት ነው ይላሉ፤ አልጣላቸውም። ግን ከእነሱ ይልቅ ለአርሰናሉ ጎረቤቴ እቀርባለሁ።

ደግሞ ስንሸነፍ ኳስ ማየት ተምሬያለሁ። ድሮ የማየው ጎሉን ብቻ ነበር፤ ሩኒን፣ ሮናልዶን፣ ቫን ፐርሲን። አሁን ሌላውን አያለሁ። አሰልጣኛችን አሞሪም ሦስት ተከላካይ ሲያሰልፍ መሃል ላይ የሚቀሩት ሁለት አማካዮች ናቸው። ተጋጣሚ በሦስት ሲመጣባቸው መሃሉ ይከፈታል። ካሴሚሮ ክፍተቱን ለመድፈን ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ ሳይ ያሳዝነኛል። አንተ ልብስ ሲበላሽ «መርፌውን አትውቀሺ፣ አቆራረጡን እዪ» ትለኝ ነበር። ማንቼም የተበላሸው አቆራረጡ ላይ ነው። ግሌዘሮች በፈረንጆቹ 2005 ክለቡን በብድር ገዙት፤ ዕዳውንም ክለቡ ላይ ጫኑት። ስታዲየማችን ኦልድ ትራፎርድ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ያፈሳል። ከአሰልጣኝ ፈርጉሰን ወዲህ ሞየስ፣ ቫን ሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ራንግኒክ፣ ቴን ሃግ መጥተው ሄዱ። አሰልጣኝ ማባረር መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በዳንን።

ባለፈው ዓመት «ማንቼ በቃኝ» ያልኩበት ቀን የለም። ለምን መሰለህ? ቅዳሜ ገበያ ሱቅህ ውስጥ ሲንጀርህን እየረገጥህ መጀመሪያ ያወራኸኝ ስለ ዋንጫ አልነበረም። ስለ ሙኒክ ነው። በፈረንጆቹ 1958 የቡድኑ አውሮፕላን እዚያ ወድቆ 8 ተጫዋቾች እንደሞቱ፣ ከ10 ዓመት በኋላ አሰልጣኙ ባዝቢ እንደገና በሠራው ቡድን የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫን እንዳነሳ ነገርከኝ። ከዚያ በ1974 እንደወረዱ፣ ወርደውም ስታዲየማቸው በሰው ይሞላ እንደነበር፣ በዓመቱ እንደተመለሱ። ባርሴሎና ላይ የተገኘውን የ1999 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ድል፣ ጎል ያገቡትን ሼሪንገምንና ሶልሻየርን፣ ያወራኸኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ደስታውን ብቻ አላወረስከኝም። ስለዚህ 15ኛ ስንሆን ያልተነገረኝ ነገር አልመጣብኝም።

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ሲያነሳ ያየነውን ደስታ ታስታውሳለህ። ጎንደር በሙሉ አንድ ቲፎዞ ነበር። ያ ቀን ለእኔም ትልቅ ነው። ማንቼ ግን የአንተና የእኔ ነው። በዚህ ቤት ከእኛ ሌላ የሚደግፈው የለም፤ ወንድሜም ከዳን።

የፊታችን እሁድ ነሐሴ 11 የመጀመሪያ ጨዋታችን ነው። በሜዳችን፣ ከአርሰናል ጋር። ራሽፎርድ በውሰት ባርሴሎና ሄዷል። ኩኛ ከዎልቭስ፣ ምቤሞ ከብሬንትፎርድ፣ ሼሽኮ ከላይፕዚሽ መጥተዋል። በአጥቂ በኩል ተስፋ አለኝ፤ መሃሉ ግን ያው ነው። የቤቱ ባለቤት ከአሁኑ «ቦታሽን ይዤልሻለሁ» ብሎኛል። «ለዛሬ ብቻ» የምትለዋ ነገር በዚህ ጨዋታ አትሠራም።

ጨዋታው የሚጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ወንድሜ አጠገብህ ተቀምጦ የሚያየውን ሁሉ ይንገርህ፤ የእኛንም ሙከራ አይዝለል። የዓይን ጠብታህን ከጨዋታው በፊት ተጠቀም፤ ኳስ ሲጀመር እንደምትረሳ አውቃለሁ። መብራት ካልጠፋ ጨዋታው እንዳለቀ እደውልልሃለሁ። ብንሸነፍም እደውላለሁ።

እማዬ ሰላም ብላሃለች።

የምትወድህ ልጅህ