የመኪና እግር ሥራ፦ የትኛው በራስ፣ የትኛው በጋራዥ?

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

የመለዋወጫውም የእጁም ዋጋ አልቀመስ ካለ ወዲህ ቪዲዮ አይቶ የመኪናውን እግር፣ ማለትም ጎማውን ከገላው ጋር የሚያያይዙትን ሾክ፣ ሞላና መገጣጠሚያዎች፣ ራሱ ለመፍታት የሚነሳ ባለንብረት በዝቷል። አትሞክሩት ለማለት አይደለም የምጽፈው፤ በባለቤቱ እጅ የሚያልቅ ሥራ አለ። ችግሩ ብዙው ሰው የሚወስነው ቁልፍና ክሪክ አለኝ ብሎ መሆኑ ነው። መታየት ያለበት ሌላ ነው፤ የሚፈታው ዕቃ የታመቀ ሞላ ይዟል ወይ? በደንብ ሳይጠብቅ ቢቀርስ ጎማውን የሚይዘው ነገር ይኖራል ወይ? በቶዮታ ቪትዝ ላሳይ፤ ከተማውን የሞላው እሱ ነውና።

ከሁሉ በፊት የሚንኳኳውን መለየት ነው። ከፊት ድምፅ ሲመጣ ‹‹ሾክ ነው›› ተብሎ ጥንድ ሾክ ይገዛል፤ ድምፁ ግን እዚያው ይቀራል። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲሄድ ኳ ኳ እያለ፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ጉብታ እኩል ሲወጡ ዝም የሚል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፤ ስታቢላይዘር ግራና ቀኙን የሚያያይዘው ረጅም ብረት ሲሆን ሊንኩ ጫፉ ላይ የሚታሰረው አጭር ዘንግ ነው። ስታቢላይዘሩ የሚሠራው አንዱ ጎማ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው ሲነሱ ሊንኩ ላይ ጫና አይመጣም። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር ‹‹ድንግ›› የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የሾኩ የላይኛው መቀመጫ ወይም ኩሽኔታው ነው። ፍሬን ሲያዝና ሲለቀቅ አንዴ ‹‹ጓ›› ካለ የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሥር የሚይዘው ክንድ) ቡሽ፣ ማለትም መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጎማማ ቀለበት፣ ይታይ። ሾክ ራሱ ሲደክም ከመንኳኳት ይልቅ መኪናውን ያንሳፍፋል፤ ጥጉን ተጭነው ሲለቁት አንዴ ተነስቶ መርጋት ሲገባው ደጋግሞ ይወዛወዛል፣ ገላውም በዘይት ይርሳል። አቧራ የያዘ ስስ ወዝ ብቻውን ግን ሾክ አያስጥልም።

ሊንክ ለባለንብረት የሚሆን ሥራ ነው። የተለመደው ስህተት አንዱን ጎማ ብቻ አንስቶ መፍታት ነው። ያኔ ስታቢላይዘሩ ተጠምዝዞ ስለሚወጠር አዲሱ ሊንክ ቀዳዳው ላይ አልገጥም ይላል፤ ሰውም መዶሻ ያነሳል። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ይነሱ፣ መኪናው በብረት ስታንድ ላይ ይቀመጥ፣ የኋላ ጎማዎች ይታገዱ። ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክ የተሠራው ጎማ ለመቀየር እንጂ ሰው ሥሩ እንዲገባ አይደለም፤ ብሎኬትም ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ዳዶው የሚዞርበት ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ዝገት ማላቀቂያ ይነፋበትና ትንሽ ይቆይ። ዳዶው ሲዞር መሀሉ ያለው ብረትም አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ ባለችው ባለስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ኤለን ኪይ አስገብቶ መያዝ የግድ ነው። ቀዳዳዋ ጭቃ ትይዛለች። በሚስማር ካልጸዳች ኪዩ ግማሽ ድረስ ብቻ ገብቶ ማዕዘኑን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መፍትሔ ግራይንደር ነው። አሮጌው ዳዶ አይመለስ፤ ከአዲሱ ሊንክ ጋር የመጣው ይግባ፣ በ74 ኒውተን ሜትርም ይጠበቅ። ቶርክ ቁልፍ ለሌለው፣ ግማሽ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ የ15 ኪሎ ክብደት ያህል መጫን ማለት ነው። የጎማው ዳዶ 103 ነው፤ በዚያው ቁልፍ 21 ኪሎ ገደማ።

የቪትዝ የኋላ ሾክም በቤት ይሠራል፤ ምክንያቱም ሞላውና ሾኩ ለየብቻ ናቸው። የላይኛው ዳዶ የሚገኘው ከውስጥ፣ ከዕቃ መጫኛው ጎን ካለው ሽፋን ሥር ነው። ሾኩ ከመፈታቱ በፊት የኋላው አክስ በዚያ ጎን በክሪክ ይደገፍ፤ ካልተደገፈ አክሱ ይወርድና ሞላው ከመቀመጫው ይወጣል፣ የፍሬን ቱቦውም ይወጠራል። አንዱ ጎን ሳይታሰር ሌላው አይነካ። አዲሱ ሾክ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ የከረመ ስለሆነ፣ ከመግጠም በፊት ቀጥ አድርጎ አቁሞ አምስት ስድስት ጊዜ እስከ መጨረሻው መጫንና መልቀቅ አየሩን ያስወጣዋል። የላይኛው ዳዶ ሲጠብቅ ዘንጉ አብሮ ዞረ ተብሎ በፒንሳ መያዝ ክልክል ነው፤ የተጫረ ዘንግ ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒ ይቀደዋል፣ አዲሱ ሾክም ብዙም ሳይቆይ ዘይት ይተፋል። የታችኛው ቡሎን መጨረሻ የሚጠብቀው አክሱ በክሪክ ተገፍቶ የመኪናውን ክብደት ከያዘ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎማማው ቡሽ እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

የፊቱ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሾኩ በሞላው መሀል ነው የሚያልፈው፣ ሞላውም ሁልጊዜ ታምቆ ነው የሚኖረው። ኮፈን ሲከፈት ዙሪያውን ትናንሽ ዳዶዎች፣ መሀል ላይ አንድ ወፈር ያለ ዳዶ ይታያል። ሞላውን አምቆ የያዘው ይህ የመሀሉ ነው። ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ እሱን የፈታ ሰው ፊቱ ላይ ምን እንደሚመጣበት አይቆጣጠርም፤ በሽቦ ወይም በገመድ ማሰርም ምትክ አይሆንም። ልምዱና መሣሪያው ያለው ሰው ወጪ ለመቀነስ ከፈለገ የመሀሉን ሳይነካ ሾኩን ከነሞላው አውጥቶ ጋራዥ ይውሰድና ቅያሬው ብቻ ይሠራለት። ሾኩን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያገናኙት ሁለት ቡሎኖች ከተፈቱ የጎማው አቋም ስለሚለወጥ አላይመንት (የጎማ አቋም ማስተካከል) የግድ ነው። ለሊንክና ለኋላ ሾክ ግን አያስፈልግም፤ ‹‹ለጥንቃቄ ይሠራ›› ለሚል ሰው ገንዘብ መክፈል የለባችሁም።

የታችኛው ቦል ጆይንት፣ ማለትም ብራቾውን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያገናኘው ባለኳስ መገጣጠሚያ፣ እና የብራቾ ቡሽ ለጋራዥ ይተዉ። ቡሽ ያለ ፕሬስ በመዶሻ ሲገባ ውጪኛው ቀለበት ይጣመማል። ቦል ጆይንት ደግሞ በጉዞ ላይ ከተነቀለ ነገሩ በመንኳኳት አያበቃም፤ ጎማው ወደ ጎን ይታጠፋል።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሾክ የሚገዛ ሰው ዘንጉ ላይ ጥፍሩን ያሻግር፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ይተወው። ጋዝ ያለው ሾክ ተጭኖ ሲለቀቅ ራሱ በዝግታ ይወጣል፤ ባለበት የቀረ ጋዙን ጨርሷል። መኪና ከፍ እንዲል ሞላ መሀል የሚሰካው ላስቲክም ሳይጠቀስ አይታለፍ፤ የተሰካበት የሞላው ጥቅል መሥራት ስለሚያቆም ጫናው በቀሪዎቹ ላይ ይወድቃል፣ ሾኩም አጭር ርቀት ላይ ይመታል። ለኮረኮንች ረጅም የሚፈልግ ሰው ልኩን የያዘ ሞላ ይግዛ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋራዥ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ