ለወንዶች የአንድ ቀን ስብሰባ አይበቃም፤ 14 ጊዜ ቡና ይጠጡ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በየዓመቱ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 ነጭ ሪባን በየደረቱ ይሰካል፤ ወንዶችም በአዳራሽ ተሰብስበው በሴቶች ላይ ጥቃት ላለመፈጸም፣ ሲፈጸምም ዝም ላለማለት ቃል ይገባሉ። ሪባኑን የጀመሩት ወንዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 በሞንትሪያል አንድ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ውስጥ 14 ሴቶች ከተገደሉ በኋላ፣ በ1991 ጥቂት ካናዳውያን ወንዶች ነበሩ የዝምታውን ነውር ራሳቸው ለመሸከም የተነሡት። ምልክቱን አንነቅፍም። የሚያሳዝነን ታኅሣሥ 2 ቀን ሪባኑ ወልቆ መሳቢያ ሲገባ ሥራውም አብሮ መግባቱ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ለወረዳ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለእድር ዳኞችና ለርዕሳነ መምህራን፣ ማለትም ወንዶችን ደጋግሞ መሰብሰብ ለሚችሉ ሰዎች ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸውና ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከነበሩ ሴቶች መካከል 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዚያው ጥናት ወጥ በማሳረር፣ ከባል ጋር በመከራከር፣ ሳይናገሩ በመውጣት፣ ልጆችን ችላ በማለት ወይም ወሲብ እምቢ በማለት፣ ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ሚስትን መምታት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር ይዞ «ሴቶቹ ራሳቸው ይፈልጉታል» የሚል ሰው በየውይይቱ አይጠፋም። እኛ የምናነበው በሌላ መንገድ ነው። ከዱላ ጋር የምትኖር ሴት ለዱላው ምክንያት መፈለግ ትማራለች፤ ወንዱ ደግሞ መዝጋቢ ሲመጣ የትኛው መልስ እንደሚያስመሰግን ያውቃል። አንደበት ቀድሞ ተለውጧል፤ እጅ ግን ገና ነው። የአንድ ቀን ሥልጠናም የሚለውጠው አንደበትን ብቻ ነው።

እጅን ምን እንደሚለውጥ ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። በጉራጌ ዞን 64 መንደሮች ውስጥ «ዩናይት ፎር ኤ ቤተር ላይፍ» የተባለ ፕሮግራም ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። መንደሮቹ በዕጣ ተለዩ፤ በአንዳንዶቹ ወንዶች ብቻ፣ በአንዳንዶቹ ሴቶች ብቻ፣ በሌሎቹ ባልና ሚስት፣ በቡና ሥነ ሥርዓት ዙሪያ 14 ጊዜ ተወያዩ፤ የቀሩት ለማነጻጸሪያ ተቀመጡ። ቆይቶ ሲለካ፣ ወንዶች ብቻ በተወያዩባቸው መንደሮች በትዳር ውስጥ የሚፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኘ። ሴቶች ብቻ በተወያዩባቸው መንደሮች ይህ አልታየም። በሩዋንዳ ደግሞ «ባንደበረሆ» የሚባለው ፕሮግራም ወጣት አባቶችን 15 ጊዜ፣ ሚስቶቻቸውን ደግሞ በስምንቱ ላይ ጠርቶ፣ አካላዊም ወሲባዊም ጥቃት ቀንሷል። የሁለቱም ነገር መደጋገሙ ላይ ነው፤ ያው ሰው፣ ያው ወንበር፣ ደጋግሞ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ቡድኑ ከ15 እስከ 20 ሰው ይሁን። ከዚያ ከበዛ ሦስት ሰው ይናገራል፣ የቀረው ይሰማል። ቦታው የቀበሌ አዳራሽ አይሁን፤ እዚያ የገባ ሰው ስብሰባ የመጣ ስለሚመስለው አጨብጭቦ ይወጣል። የዛፍ ጥላ፣ የእድር ድንኳን፣ የአንዱ ግቢ ይሻላል። ቀኑን ከገበያና ከበዓል ጋር አታጋጩ፤ የቀን ሠራተኛ በበዛበት ሰፈር እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው የሚቻለው። አበል አትክፈሉ። አበል የሳበው ሰው አበሉ ሲቆም ይቆማል፤ በተከፈለው ቀንም የሚናገረው ከፋዩ መስማት የሚፈልገውን ነው። ወጪው ቡናና ስኳር ይሁን፤ ለ18 ሰው ሩብ ኪሎ ቡናና ሁለት ትልልቅ ጀበና ይበቃል።

ቡናውን የሚያፈሉት ግን ወንዶቹ ራሳቸው ናቸው። ይህን የምንለው ለጌጥ አይደለም። ሚስቶች እንዲያፈሉ ከተደረገ ፕሮግራሙ ገና ሲጀመር የሴቶቹን ሥራ ጨመረ ማለት ነው፤ እነሱ ባሉበትም ወንዶቹ በነጻነት አያወሩም። አንዱ ቆልቶ፣ ሌላው ወቅጦ፣ ሦስተኛው ሲቀዳ «ጎረቤት ቢያየኝስ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይነሣል። የመጀመሪያው ውይይት ተገኘ ማለት ነው። አቦሉ ላይ ያለፈው ሳምንት የቤት ሥራ ይወራል፣ ቶናው ላይ የዕለቱ ጉዳይ፣ በረካው ላይ እያንዳንዱ እስከሚቀጥለው ሳምንት የሚያደርገውን አንድ ነገር ተናግሮ ይነሣል።

አወያዮቹ ሁለት ወንዶች ይሁኑ፤ ከአካባቢው የወጡ፣ የሚከበሩ፣ ግን የቀበሌ ሥልጣን የሌላቸው። አንዱ ሲያወያይ ሌላው ማን እንደዘጋ፣ ማን እንደተቆጣ ያያል። ትልቁ ስሕተት አወያዩ ሰባኪ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ «ክፉ ባሎች» ተብለው የተጠቆሙትን ለይቶ መጥራት ነው፤ የተጠራው ሰው ስሙ ጠፍቷልና ማን እንደጠቆመው ሲፈልግ ሚስቱ ላይ ይደርሳል። የሚጠራው የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ጥቃት አታንሡ። አንድ እፍኝ ባቄላ በመሬት ላይ አፍስሱና ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባልና ሚስት በየሰዓቱ የሚሠሩትን አስቆጥሩ፤ ለአንድ ሰዓት ሥራ አንድ ፍሬ። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት፣ ሊጥ፣ ሕፃን፣ ከብት። የሴቲቱ ክምር ሲያድግ ማንም ተናጋሪ አያስፈልገውም። ከዚያ የገንዘብ ጉዳይ ይከተላል፤ በሬው ሲሸጥ ማን ወሰነ፣ ጤፉ ሲሸጥ ብሩን ማን ያዘ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት የሚነሣው ያኔ ነው፤ ማን ተረተው፣ ማንን ጠቀመ እያላችሁ አከራክሩበት።

ስለ ቁጣ የሚደረገው ውይይት ከዚህ በኋላ እንጂ ከዚህ በፊት አይምጣ። ብዙ ፕሮግራም ከቁጣ ስለሚጀምር ይከሽፋል። ሚስቱን የሚመታ ሰው አለቃውን አይመታም፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመውም ራሱን ይገዛል። ስለዚህ የጎደለው ራስን የመግዛት ችሎታ ብቻ አይደለም፤ እሷን መምታት ይፈቀድልኛል የሚለው እምነት ነው። መጠጥም እንዲሁ ነው፤ ዱላውን ያከፋዋል፣ እምነቱን ግን ጠላና አረቄ አልፈጠረውም። እምነቱ ከተነካ በኋላ ዘዴው ይጠቅማል፤ ጡንቻ ሲወጠር፣ ድምፅ ሲጨምር፣ «ወጥቼ ከአንድ ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ መውጣት፣ ወደ መጠጥ ቤት ሳይሄዱ በእግር መጓዝ፣ በተባለው ሰዓት መመለስ። ሰዓቱ መነገር አለበት። ካልተነገረ መውጣቱ ራሱ ቅጣት ይሆናል፤ ሦስት ቀን ማኩረፍን «ተለማመድኩት» ብሎ የሚያቀርብ ባል አለ።

ከሁሉ የሚከብደው በአልጋ ላይ ስላለው እምቢታ መነጋገር ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲደነግግ «ከጋብቻ ውጪ» የሚል ቃል ስላለበት፣ «ሚስቴ አይደለችም እንዴ?» የሚል ሰው ሕጉን ከጎኑ ያገኘዋል። ሕጉ እዚህ ጋ መሻሻል አለበት ብለን እናምናለን። እስከዚያው ይህን የሚያስተምር ቡድኑ ብቻ ነው። ከስምንተኛው ሳምንት በፊት አታምጡት፤ ሳይተማመኑ ከመጣ ሁሉም ይስቅና ይዘጋል።

ሴቶቹን የሚጠብቅ ነገር ሳይዘጋጅ ቡድን አይጀመር። አንዲት ሴት ባለሙያ ሚስቶችን ለብቻቸው አግኝታ ባሎቻቸው ምን እንደሚማሩ፣ ትምህርቱም ባል እንደሚለወጥ ዋስትና እንዳልሆነ ትንገራቸው፤ «እየተማረ ነውና ልታገሥ» ብላ አደጋ ላይ የምትቆይ ሴት አለችና። የቅርቡ ጤና ጣቢያ፣ የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ የመጠለያ አድራሻ በወረቀት ሳይሆን በቃል ይነገር፤ ወረቀት ባል እጅ ይገባል። ከተደፈረች በ72 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ከደረሰች የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት እንደሚሠራላት ወንዶቹም ይወቁ። ባልና ሚስትን አብሮ ማወያየት የሚቻለው እሷ ለብቻዋ ተጠይቃ ያለ ፍርሃት ከተስማማች ብቻ ነው። ጥቃቱ ባልቆመበት ቤት፣ በውይይቱ የተናገረችው ማታ ይከፈልበታል።

ጎረቤት ሲጮህ ምን ይደረግ? ይህንንም በተግባር አለማምዷቸው። ብቻ አትሂዱ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሁኑ። በሩን አንኳኩታችሁ ጨው ለመዋስም ቢሆን ምክንያት ፈልጉ። እሱን ወደ ውጭ አውጡት፣ ሴቶች ወደ እሷ ይግቡ። በዚያች ሌሊት «ታረቁ» አትበሉ። የት ማደር እንደምትፈልግ እሱ በሌለበት ጠይቋት። መሣሪያ ካለ ወይም አንገቷን አንቆ ከነበረ ራሳችሁ አትግቡ፣ ፖሊስ ጥሩ፤ ማነቅ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው ግድያ እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው።

ሽማግሌዎችን ማለፍ አይቻልም። በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መምታት ወንጀል ነው፤ ቀላል የአካል ጉዳት ግን በግል አቤቱታ የሚታይ በመሆኑ አቤቱታዋን ካነሣች ጉዳዩ ያበቃል። «ልጆችሽን አስቢ» እየተባለች የምታነሣውም በሽምግልና ነው። ሽምግልናው ቢያንስ እሷን ለብቻዋ ይስማ፣ ሴት ሽማግሌ ይኑርበት፣ አቤቱታ ማንሣትን የእርቅ ቅድመ ሁኔታ አያድርግ። እድርም ደንቡን ይመልከት። መዝገቡ ላይ የባል ስም ብቻ የሰፈረ እንደሆነ፣ ሚስት ስትፈታ ቀባሪዋንም ታጣለች፤ ይህን የምታውቅ ሴት ዱላውን ትመርጣለች። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሁለቱንም ስም መመዝገብ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ልጆችን በተመለከተ፣ በየትምህርት ቤቱ ያለው የሴቶች ክበብ ሴቶቹን ስለ ለከፋ ያስተምራል፤ የሚለክፈው ልጅ ግን ውጭ ኳስ ይጫወታል። ከ12 እና 13 ዓመት ጀምሮ ለወንዶቹም ይጀመር። አንድን ልጅ ለብቻው አትውሰዱ። ወጥ የሠራ ልጅ «ሴታ ሴት» ሲባል የሚያፍረው ጓደኞቹ ፊት ስለሆነ፣ አብረው የሚውሉትን ሦስት አራት ልጆች በአንድ ላይ መልምሉ። መምህሩ በአለንጋ እየገረፈ ስለ ጥቃት ቢያስተምር ልጆቹ የሚይዙት አለንጋውን ነው።

ለጋዜጣው ደግሞ አንድ ልመና አለን። ባል ሚስቱን ገደለ የሚል ዜና ስትጽፉ «በቅናት ተነሣሥቶ» ወይም «ስለከዳችው» የሚለውን የገዳይ ቃል በራሳችሁ ቃል አድርጋችሁ አታስቀምጡት። ያደረገውን፣ የተከሰሰበትን አንቀጽ፣ የተፈረደበትን ዓመት ጻፉ፤ ከዜናው በታች ደግሞ በከተማው ያለውን መጠለያና የፖሊስ ክፍል ስልክ አስፍሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
በወንዶች የውይይት ቡድን የምንሠራ አወያዮች