በሕግ አምላክ፣ ውሃውን አቁሙልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ በወጣው እትማችሁ ስለ ሳኩለንት፣ ስለ እነዚያ ወፍራም ቅጠል ስላላቸው የቤት ተክሎች፣ የጻፋችሁትን ቡናዬን ይዤ አነበብኩት። ፎቶው ያምራል። «በሳምንት 2 ጊዜ ውሃ ይጠጣ» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ስኒዬን አስቀመጥኩ። ወሩ ሐምሌ ነው። ከተማው አዲስ አበባ ነው። በዚህ ዝናብና ብርድ ላይ በሳምንት 2 ጊዜ የሚጠጣ ሳኩለንት ነሐሴን አያይም።

ቀብሬ ስላየሁ ነው የምናገረው። የዛሬ 3 ዓመት ልጄ ለልደቴ በክብ የመስታወት ሳህን ላይ የተደረደሩ 5 ሳኩለንቶች አመጣችልኝ። ላዩ ላይ ነጭ ጠጠር ተበትኖበታል፤ የሠርግ ኬክ ነው የሚመስለው። እኔ እስከዚያ የማውቀው ጤናአዳምና በሶብላ ነበር። እንደነሱ ጠዋት ጠዋት አጠጣኋቸው። አንድ ቀን መሀል ያለውን ዳበስ ሳደርገው ቅጠሉ እጄ ላይ ቀረ። እንደ በሰለ ሽንኩርት ልስልስ ብሏል። ስነቅለው ሥር የሚባል ነገር የለም፤ ጥቁር ጭቃ ብቻ፣ ያውም የሚሸት። ሳህኑ ቀዳዳ የለውም። ያጠጣሁት ውሃ ሁሉ ለካ ጠጠሩ ሥር ተኝቶ ኖሯል!

ጥቂት ደህና ቅጠሎች ለቀም አድርጌ ፍሪጁ አናት ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ አስቀመጥኳቸው (የእናንተው ጋዜጣ ነው፣ አትቀየሙኝ)። ከዚያ ረሳኋቸው። በ3ኛው ሳምንት ባያቸው ክር የመሰለ ሮዝ ሥር አውጥተዋል። አጠገቡ የምስር ፍሬ የምታክል ቡቃያ አለች። አፈር የለ፣ ውሃ የለ። ያኔ ነው የገባኝ። ቅጠሉ ራሱ ጀሪካን ነው።

አሁን ገበያ ሄጄ የተሰነጠቀ የሸክላ ድስት እገዛለሁ። ሻጮቹ ይስቁብኛል፤ ዋጋ ግን ይቀንሱልኛል። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረውና መቀመጫውን በሚስማር ቀስ እያልኩ እበሳዋለሁ። አፈሩ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ግማሹ የአትክልት አፈር፣ ግማሹ ሬድ አሽ። ያ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ ጠጠር ማለቴ ነው። ሰፈራችን ግንባታ መቼም አያልቅ፣ ዘበኛውን አስፈቅጄ በፌስታል አመጣለሁ። ብናኙን ነፍቼ እጥልና ሽምብራ የሚያካክለውን አስቀራለሁ። ከተከልኩ በኋላ ሳምንት ሙሉ ውሃ አላሳየውም፤ ሲነቀል የቆሰለው ሥር ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ቀን አልቆጥርም። ስንጥር እስከ ታች ሰድጄ አወጣለሁ። አፈር ይዞ ከወጣ አላጠጣም። በበጋ 10 ቀን፣ 15 ቀን ይሆናል። ክረምት ላይ ዝናብ ከማይነካው የበረንዳ ጥግ አስጠግቼ ወር ሙሉ ዝም የምላቸው ጊዜም አለ።

ከውሃው የባሰው ግን ፎቶው ነው። መሀል ላይ የቆመው፣ «የእርሳስ ካክተስ» ያላችሁት፣ ካክተስ አይደለም። ቅንጭብ ነው! ወሎ ቆላ ላደግን ሰዎች አጥራችን ነበር፤ ከሩቅ እናውቀዋለን። ሲቆረጥ ወተት ያፈሳል። ያ ወተት ዓይን ከገባ የዋዛ አይደለም። ልጆች ሆነን ታናሽ ወንድሜ የቅንጭብ ቅርንጫፍ ሲሰብር ፈንጥቆ ዓይኑ ገባ። እናቴ የእንስራውን ውሃ እየደፋችበት ስታጥበው፣ እሱ ሲጮህ፣ አሁንም ይሰማኛል። 3 ቀን ዓይኑን መግለጥ አልቻለም። ቁልቋልም የዚሁ ዘመድ ነው። ታዲያ ይህን ሕፃን በሚድህበት ሳሎን፣ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ? የሚቆርጠው ሰው ጓንት ያድርግ። ዓይን ከነካም በብዙ ውሃ አጥቦ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

በቦታው እንዳሁላ ብታደርጉ ምን ነበረበት? ጽጌረዳ የሚመስሉት ኤቼቬሪያዎች ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው (አደባባዩን አይደለም)። ቆንጆዎች ናቸው፣ እኔም 4 አሉኝ። እንዳሁላ ግን የራሳችን የደጋ ልጅ ነው፤ ብርዱን ያውቀዋል። እሬትም አለ፣ ጡት ሲያስጥሉን ያስቀመሱን።

በሚቀጥለው እትም 2 መስመር እርማት ብታወጡ ደስ ይለኛል፤ ስለ ውሃውና ስለ ቅንጭቡ። ፎቁ ላይ ያለችው ጎረቤቴ ገጻችሁን ቆርጣ ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጥፋለች። ዛሬ ጠዋትም ጆግ ይዛ ስታጠጣ ደረስኩባት። ብነግራት «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!» አለችኝ።

አንባቢያችሁ
ከጀሞ ኮንዶሚኒየም