15 ቀን ለማን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አውሮፓ የቱሪስት ቪዛ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለእኛ የተጻፈ መስሎኝ። "15 ቀን" የምትለው ላይ ስደርስ ግን መነጽሬን አስተካክዬ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። ዕድሜዬን የልጆች የሒሳብ ደብተር ሳርም የኖርኩ መምህርት ነኝ። የተሳሳተ ቁጥር እያየሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

"የሸንገን ቪዛ አመልካች በ15 ቀን ውስጥ ምላሽ ያገኛል" ብላችኋል (ሸንገን የሚባለው ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው የጋራ ቪዛ ነው)። አዎ፣ ያገኛል፤ ኬንያዊ ከሆነ። ኢትዮጵያዊ ከሆነ መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ነው። ጋዜጣችሁ ደግሞ የሚታተመው በአማርኛ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ብዙ አንባቢ አፍርታችሁ ከሆነ እንኳን ደስ አላችሁ።

ነገሩ የተደበቀ አይደለም። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ የቪዛ ገደብ አጽድቋል። የሰጠው ምክንያት፣ አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን ለመመለስ የኢትዮጵያ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ለእኛ 15ቱ ቀን 45 ሆነ። ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛም ቀረ። አንዳንድ ሰነዶችን እንደ አመልካቹ ሁኔታ ሳይጠይቁ ማለፍም እንዲሁ ቀረ። የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዙትም ከእንግዲህ እንደ ሰው ይክፈሉ ተባለ። (ይህቺን ሳነብ፣ ማርያምን፣ ልቤ ትንሽ ረካ።)

እውነቱን ለመናገር 45 ቀን የሚባል ነገር በሕጉ ውስጥ ድሮም ነበር። ለሁሉም አገር ዜጋ፣ ፋይሉ ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገው እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ልዩነቱ፣ ለሌላው አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው ለእኛ የዘወትር መሆኑ ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይቻል ነበር። ለፓስፖርት ፎቶ ዳራ ቀለም ሙሉ አንቀጽ የሰጠ ጋዜጣ ለዚህ ቦታ አያጣም።

ትክክል የጻፋችሁትንም ልመስክር። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ልክ ነው። ክፍያው ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ አድጓል፤ ይህም ልክ ነው። ብር በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 90 ዩሮ ስንት ብር እንደሚመጣ ግን አላሰላችሁትም። ለጡረተኛ አዝናችሁ መሆን አለበት። እግዜር ይስጥልን።

"የ30 ቀን ልዩነት ምን ያመጣል?" የሚል አይጠፋም። ልጄ አውሮፓ ነው የምትኖረው። ወንድ ልጅ ወለደች። በእኛ ሥርዓት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። አውሮፓ ይህን ባያውቅ አልፈርድበትም። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ግን ያውቀዋል። እንግዲህ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በእናንተ 15 ቀን ቢሆን፣ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ያመለከተች አያት እንኳ ለክርስትናው ትደርሳለች። በ45 አትደርስም። ሴት ብትሆን ኖሮ ይደረስ ነበር። የልጅ ልጄ ጥፋት ወንድ ሆኖ መወለዱ ነው ማለት ነው።

"ቀደም ብለሽ አታመለክቺም ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። አመልክቻለሁ እንጂ! ሆዷ ገፍቶ ሳይታይ ነው ወረቀት ማሰባሰብ የጀመርነው። ግን 45ቱ ቀን የሚቆጠረው ፋይሉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የግብዣው ወረቀት አለ። የቀጠሮው ወረፋ አለ። እሱን በገንዘብ እናሳጥርልሽ የሚሉ ደላሎች አሉ። አሻራ ለመስጠት በአካል መቅረብ ግዴታ ስለሆነ የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ አውሮፕላን ይሳፈራል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ደግሞ በአውቶቡስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ዘገባችሁ ሁሉም ሰው ቦሌ የሚኖር ይመስለዋል።

መልሱ የመጣው ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ያልኳት በስልክ ነው። ያዘጋጀሁትን በሶና የገንፎ ዱቄት ሌላ መንገደኛ ወሰደልኝ። መልሱም ደግሞ እምቢ ነው። የኤምባሲውን ስም አልጠራም፤ እንደገና ማመልከቴ አይቀርም። ፎርሙ ላይ ምልክት የተደረገባት መስመር፣ የቪዛዬ ጊዜ ሳያልቅ ለመመለሴ ጥርጣሬ አለን ትላለች። እዚህ ቤት አለኝ። የልብ ሕመምተኛ ባል አለኝ። ከሁሉም በላይ የዕድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ዕድርን የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። የዕድር ገንዘብ ይዞ አውሮፓ የቀረ ሰው እንኳን በሕይወቱ፣ ሞቶም ቀባሪ አያገኝም።

አሁን ወደ "ባለሙያችሁ" ልምጣ። "ሰነድ ያሟላ ሰው አይከለከልም" ብለዋል። ከዚያ ዝርዝሩን ሰጡን። የአሠሪ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የዓመት እረፍት ፈቃድ። ጡረተኛ ከማን እረፍት ይውሰድ? ከጡረታው? የቤት እመቤትስ የማንን ደመወዝ ታሳይ? ጉልት ነግዳ ልጅ አስተምራ ውጭ የላከች እናት ገንዘቧ ያለው ዕቁብ ውስጥ ነው፤ ዕቁብ ደግሞ ስቴትመንት አይሰጥም። ልጅ የሚጠይቅ፣ አራስ የሚያርስ፣ ክርስትና የሚያነሳ ማን ሆነና! እናቶች ነን። ዘገባችሁ ውስጥ ግን አንዲት እናት የለችም። ያለው የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ ፓሪስን ለማየት የሚጓጓ ወጣት ብቻ ነው። ይጓጓ፤ አልከለክለውም። እኛም ግን አለን።

ጥፋቱን ሁሉ በእናንተ ላይ አላከክም። እርምጃው በራሱ ግራ ያጋባኛል። ያለ ፈቃድ የቀረ ሰው ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፎ ቪዛ አይጠይቅም። የሚሰለፈው በሕግ ሄዶ በሕግ ልመለስ ያለው ነው። ቅጣቱ ያረፈው እሱ ላይ ነው። የእኛ መንግሥትና ኅብረቱ ዜጎችን ስለመመለስ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የተስማሙበት አሠራር አለ። ታዲያ ምኑ ላይ ተሰናከለ? ገደቡን ለማስነሳት ምን እየተደረገ ነው? ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አንድ ስልክ ብትደውሉ ይህ ራሱ ዜና ይወጣው ነበር። እናንተ ግን "ፎቶው ላይ አትሳቁ" የሚል ምክር ሰጣችሁን። አንስቅም፤ አትስጉ።

የተከለከለ ሰው ቅሬታ ያስገባ የምትለው ምክራችሁም ሙሉ አይደለችም። ይግባኝ መብት መሆኑ እውነት ነው፤ አካሄዱ ግን በየአገሩ ይለያያል። ለምሳሌ ጀርመን፣ ያለ ክፍያ በደብዳቤ ብቻ ይቀርብ የነበረውን ቅሬታ ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አስቀርታለች። አሁን ያለው ምርጫ እንደገና ከፍሎ ማመልከት ወይም በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። የደሴ ጡረተኛ በርሊን ጠበቃ ሲያቆም ይታያችሁ።

ስለዚህ እርማት አውጡ። ከውስጥ ገጽ ጥግ ላይ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ 45 የምትለዋን በደማቅ ቀለም። ቶሎም ይሁን። የጎረቤቴ ልጅ ጣሊያን ናት፤ ልትወልድ ደርሳለች። እናትየው ዘገባችሁን ስልኳ ላይ አስቀምጣ፣ 15 ቀን ቆጥራ ትኬት ልትቆርጥ ነው። "ተይ፣ ለጊዜው ቡኪንግ ብቻ አሲዢ" ብላት "ጋዜጣው እኮ ነው የጻፈው" አለችኝ።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህርት
ከደሴ